የዕለት እንጀራና የሒሳብ መዝገብ
(የጆርጅ ሙለር የሕይወት ታሪክ)



የእግዚአብሔርን ታማኝነት መዘመር ቀላል ነው። እሑድ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንዘምራለን፤ አሜን እንላለን፤ ወደ ቤታችንም እንመለሳለን። ሰኞ ጠዋት ግን የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የእናታችን ሕመም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። በዚያን ጊዜ እሑድ የዘመርንለት አምላክ ሰኞም ከእኛ ጋር መሆኑን እንጠራጠራለን።

ይህ ጥያቄ ባለፈው ወር በክፍላችን ተነሥቶ ነበር። ያነሣው በዚህ ዓመት አባቱን የቀበረ አንድ ወንድማችን ነው። እግዚአብሔር ታማኝ ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ በእኔ ቤት ታማኝነቱ የት ይታያል ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ለክርክር ያህል የተነሣ አልነበረም። ስለዚህ ማናችንም ቸኩለን ልንመልስለት አልደፈርንም። አንዳንዶቻችን የእግዚአብሔር እጅ የሚታወቀው በታላቅ ተአምር ነው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ተአምር ያላየ ሰው ታዲያ ምን ይሁን ብለን ጠየቅን። በመጨረሻም ስሙን ብዙዎቻችን የሰማነውን፣ ኑሮውን ግን በቅጡ ያላወቅነውን የጆርጅ ሙለርን ታሪክ አብረን ለማንበብ ተስማማን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ያነበብነውንና የተማርነውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን።

ገንዘብ የሚሰርቅ ልጅ

ጆርጅ ሙለር መስከረም 27 ቀን 1805 በፕሩሲያ ግዛት፣ ክሮፕንሽቴት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ ስለ ነበር በቤታቸው ብዙ ገንዘብ ይገባና ይወጣ ነበር። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ከዚህ ገንዘብ መስረቅ ለመደ። አባቱ ጥርጣሬ ስላደረበት አንድ ቀን ገንዘቡን ቆጥሮ ልጁ ባለበት ክፍል አስቀመጠ። ጆርጅ ከዚያ ወስዶ በጫማው ውስጥ ከእግሩ ሥር ደበቀው። ሲፈተሽ ተገኘበት፤ ተቀጣም። ቅጣቱ ግን ስርቆቱን አላስተወውም፤ ከዚያ በኋላ ይበልጥ መጠንቀቅን ብቻ አስተማረው።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። በዚያች ሌሊት እርሱ የእናቱን መታመም ሳያውቅ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ካርታ ሲጫወት ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ በየሆቴሉ እያደረ፣ እየበላና እየጠጣ ሳይከፍል በመሄዱ ታሰረ፤ አባቱ ዕዳውን ከፍሎ እስኪያስፈታው ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል በወህኒ ቆየ። እንዲህም ሆኖ አባቱ ልጁን ቄስ ሊያደርገው ይመኝ ነበር። ይህን የሚመኘው ልጁ ደኅና ደመወዝ እንዲያገኝ፣ እርሱም በስተርጅናው ከልጁ ጋር በምቾት እንዲኖር ነው።

እኛ ይህን ስናነብ ተገረምን። በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የሰው ገንዘብ በእጁ ሲያልፍ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል የመዘገበው ሰው ልጅነቱን የጀመረው የአባቱን የሒሳብ ገንዘብ በመስረቅ ነው።

አንድ የቅዳሜ ምሽት

በ1825 ሙለር በሃለ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ተማሪ ነበር። ሦስት መቶ ያህል መጻሕፍት ነበሩት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አልነበረውም። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጓደኛው በአንድ ነጋዴ ቤት ምእመናን ተሰብስበው እንደሚጸልዩ ነገረው። ሙለርም አብሮት ሄደ። በዚያች ጠባብ ክፍል የተደረገው ሁሉ ተራ ነገር ነበር። መዝሙር ተዘመረ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ተነበበ፤ በዚያ አገር ሕግ ሥልጣነ ክህነት የሌለው ሰው ቃሉን መተርጎም ስላልተፈቀደለት በጽሑፍ የታተመ ስብከት ተነበበ። አንዱ ወንድምም በጉልበቱ ተንበርክኮ ጸለየ።

የሙለርን ልብ የነካው ይህ መንበርከክ ነበር። ቄስ ለመሆን የሚማረው ወጣት ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደስታው ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አልቻለም፤ ነገር ግን ሕይወቱ ከዚያች ምሽት ጀምሮ ተለወጠ። የተጠራው በመብረቅ ወይም በራእይ አልነበረም፤ በአንድ ነጋዴ ቤት ተንበርክኮ በሚጸልይ ሰው አማካይነት ነው።

በ1829 በአይሁድ መካከል ለሚደረግ የወንጌል ሥራ ሊሠለጥን ወደ ለንደን ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ታመመና ነፋስ ሊለውጥ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ቴንመዝ ተላከ። እዚያም ዕድሜ ልክ ወዳጁ ከሆነው ከሄንሪ ክሬክ ጋር ተዋወቀ። በ1830 በዚያው ከተማ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ አገልጋይ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወርም ሜሪ ግሮቭስን አገባ። የሜሪ ወንድም አንቶኒ ኖሪስ ግሮቭስ ጥሩ ገቢ የነበረውን የጥርስ ሕክምና ሥራውን ትቶ ወንጌል ለመስበክ ወደ ባግዳድ የሄደ ሰው ነበር።

ሙሽሮቹ በተጋቡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ትልቅ ውሳኔ አደረጉ። በዚያን ዘመን የአገልጋይ ደመወዝ የሚከፈለው ከመቀመጫ ኪራይ ነበር። ሀብታሙ ደኅናውን ቦታ ይከራያል፤ ድሀው ወደ ኋላ ይቀመጣል። ሙለር ይህ ከያዕቆብ መልእክት ትምህርት ጋር የሚጋጭ መሆኑን ስላመነ ደመወዙን ተወ። የወደደ ሰው የወደደውን እንዲጥልበት በጸሎት ቤቱ ውስጥ ሣጥን ተደረገ። ለማንም ሰው ችግራቸውን ላለመንገርና ላለመበደርም ወሰኑ። ሜሪ በዚህ ሁሉ ከባሏ ጋር እኩል ቆመች። በዚያ ቤት ውስጥ ዳቦው ሲያልቅ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ስለ ነበረች፣ የእርሷ እምነት ከእርሱ ያነሰ ነበር ለማለት አንችልም።

አንድ ሺልንግና አንድ ቁም ሣጥን

በ1832 ሙለርና ክሬክ ወደ ብሪስቶል ከተማ ሄዱ። በዚያው በጋ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በየጎዳናው ይታዩ ነበር። በአገሩ የነበሩት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ሰው የሌለው ድሀ ልጅ ዕጣው የድሆች መጠለያ ወይም ጎዳና ነበር።

ሙለር በተማሪነቱ በሃለ ከተማ ሳለ አውጉስት ኸርማን ፍራንከ የተባለ የእግዚአብሔር ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ባቋቋመው የሙት ልጆች ቤት ለሁለት ወር ያህል አርፎ ነበር። በኅዳር 1835 በአንዲት እኅት ቤት ሻይ ሲጠጣ የዚሁን የፍራንከን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አየ። በልቡ የቆየው ሐሳብ በዚያን ጊዜ ተነሣ። ጥቂት ቀን ካሰበና ከጸለየ በኋላ መዝሙር 81 ቁጥር 10ን ሲያነብ ቃሉ ልቡን ነካው። አንድ ቤት፣ 1,000 ፓውንድና ለሥራው የሚስማሙ ረዳቶች እንዲሰጡት እግዚአብሔርን ለመነ።

ሙለር ይህን ሥራ የጀመረበትን ዋና ምክንያት ራሱ በግልጽ አስፍሯል። ልጆቹን መርዳት ይወዳል፤ ነገር ግን ከዚያ የሚበልጥ ሐሳብ ነበረው። በብሪስቶል የሚያውቃቸው ምእመናን በኑሮ ጭንቀት የተያዙ ነበሩ። አንዱ በቀን እስከ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ይሠራል፤ ያን ካልሠራ ቤተሰቡ የሚራብ ይመስለዋል። ሌላው በንግዱ ውስጥ ትክክል ያልሆነ ነገር እንዳለ እያወቀ እንዳይከስር ስለ ፈራ አይተወውም። ሙለር ለእነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር ዛሬም ያው እግዚአብሔር መሆኑን በዓይን በሚታይ ነገር ሊያሳያቸው ፈለገ። አንድ ድሀ ሰው በጸሎት ብቻ የሙት ልጆችን ቤት ቢያስተዳድር፣ ያ ቤት ለሁሉ ምስክር ይሆናል ብሎ አሰበ።

መልሱ እንዴት መጣ? መጀመሪያ የመጣው አንድ ሺልንግ ነበር። ቀጥሎ ሌላ ሺልንግ መጣ። ከዚያም አንድ ሰው ትልቅ ቁም ሣጥን ሰጠ። ታኅሣሥ 10 ቀን ማታ አንድ ወንድም ዕቃ ይዞ መጣ፤ ከዕቃውም መካከል 28 ሳህን፣ 4 ቢላና 5 ሹካ ነበረ። ሙለር ይህን ሁሉ ቆጥሮ በመዝገቡ ጻፈ። እኛ ስናነብ ሹካው አምስት፣ ቢላው አራት መሆኑ አሳቀን። ወዲያው ግን ቆም ብለን አሰብን። ለትልቅ ሥራ የሚጸልይ ሰው አምስት ሹካ ቢመጣለት ምን ይላል? ብዙዎቻችን የለመንነው አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ይህ ምን ያደርግልናል እንል ነበር። ሙለር ግን ሹካዋንም ከእግዚአብሔር እጅ የመጣች ብሎ መዘገባት።

በመርፌ ሥራ የምትተዳደር፣ በሳምንት ጥቂት ሺልንግ ብቻ የምታገኝ አንዲት በሽተኛ እኅትም 100 ፓውንድ አመጣች። ውርስ ደርሷት ነበር። ሙለር በስሜት ተነሣሥታ በኋላ እንዳትጸጸት ስለ ሰጋ ደጋግሞ ጠየቃት፤ አሳቧ የጸና መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ገንዘቡን አልተቀበላትም። በዚህ ሁኔታ የለመነው 1,000 ፓውንድ በሺልንግና በፔኒ ተጠራቅሞ በሰኔ 1837 ሞላ። ከጸለየበት ቀን ጀምሮ ዓመት ተመንፈቅ ፈጅቶ ነበር።

አንድ የሚያስተምር ነገር ደግሞ በመካከል ሆነ። በየካቲት 1836 ቤቱና ዕቃው ሲዘጋጅ፣ ልጆችን ለማስገባት የሚፈልጉ እንዲያመለክቱ ቀን ተቆረጠ። በተቆረጠው ቀን ግን አንድም አመልካች አልመጣም። ሙለር ደነገጠ። ነገሩን ሲመረምር ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ዕቃው ሁሉ የጸለየ ሲሆን ስለ ልጆቹ መምጣት ግን አንድ ጊዜ እንኳ አለመጸለዩን አስተዋለ። በከተማው ስንት ሙት ልጅ እያለ ልጅ ይጠፋል ብሎ ስላላሰበ ነው። በዚያች ምሽት ራሱን ዝቅ አድርጎ ጸለየ፤ በማግሥቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከአርባ በላይ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን 1836 በዊልሰን ጎዳና በተከራየው ቤት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ልጆች ገቡ። እኛም መቼም አይቀርብንም ለምንለው ነገር ጸልየን እንደማናውቅ ተያየን።

በግማሽ ደቂቃ

ብዙ ሰዎች የሙለርን ታሪክ ሲያወሩ ቤቱ ሁልጊዜ የሞላ ያስመስሉታል። መዝገቡ ግን ሌላ ይናገራል። ከ1838 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዛሬ የበሉት ልጆች ነገ ምን እንደሚበሉ የማይታወቅበት ጊዜ ተደጋግሞ መጣ። ሠራተኞቹ ያላቸውን እየሰጡ፣ አንዳንዴም የግል ዕቃቸውን እየሸጡ ቀኑን አሳልፈዋል።

ከእነዚያ ቀኖች አንዱን እንንገራችሁ። ኅዳር 21 ቀን 1838 በሦስቱም ቤቶች ውስጥ ግማሽ ፔኒ እንኳ አልነበረም። ምሳ ግን ነበረ፤ አንዱ ቤት ለሌላው ዳቦ እያካፈለ ቀኑ ሊታለፍ ይችላል። ለነገ የሚሆን ዳቦ መግዣ ግን ፈጽሞ የለም። ሙለርና ሠራተኞቹ አብረው ጸለዩ፤ በሰባት ሰዓትም ተለያዩ። ቀኑ ብርድ ነበርና ሙለር ሰውነቱን ለማሞቅ ብሎ በአቋራጩ ትቶ በዙሪያ መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው አንድ ወንድም አገኘው። ጥቂት ከተጨዋወቱ በኋላ ሰውየው ለድሆች ከሰልና ብርድ ልብስ መግዣ 10 ፓውንድ፣ ለልጆቹ 5 ፓውንድ፣ ለሌላው ሥራ 5 ፓውንድ ሰጠው። ይህ ሰው በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ እቤቱ መጥቶ አጥቶት ነበር። ሙለር ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ ሦስተኛም ይተላለፉ ነበር።

እዚህ ላይ ምን ተአምር ታየ? ሰማይ አልተከፈተም። ብርድ ነበረ፤ ሰውየው ዞሮ ሄደ፤ የሚያውቀውን ሰው አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አጋጣሚ ብሎት ያልፋል። ሙለር ግን ጠዋት የጸለየውን ስለሚያስታውስና ከሰዓት የሆነውን ስለሚጽፍ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ቻለ። እኛ እግዚአብሔርን በዕለት ኑሯችን የማናየው እርሱ ስላልሠራ ሳይሆን ጠዋት የለመንነውን ማታ ስለምንረሳው ይሆን? ይህ ጥያቄ ከክፍላችን ሳይወጣ ብዙ ቆየ።

ሌላው መታወስ ያለበት ነገር የሙለር ጥንቃቄ ነው። በፊት ዳቦና ወተት በሳምንት ሒሳብ ይከፈል ነበር፤ በኋላ ግን ይህም እንደ ዕዳ ነው ብሎ ሁሉም በዕለቱ እየተከፈለ እንዲገዛ አደረገ። ገንዘብ ከሌለ አይገዛም። በ1841 መጨረሻ ደግሞ የዓመቱን ሪፖርት ለሕዝብ የሚያነቡበት ጊዜ ሲደርስ በጣም ተቸግረው ነበር። ሪፖርቱን ቢያነቡ ሰው ችግራቸውን ሰምቶ ይረዳቸዋል። ሙለር ግን ይህ በተዘዋዋሪ መለመን ይሆናል ብሎ ስብሰባውን አስተላለፈ። የተቀበለውን እያንዳንዱን ስጦታ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይቀበላል፤ በሪፖርቱም ያትማል። የማን ሳንቲም በየትኛው ቀን እንደ ገባች ሰጪው ራሱ ፈልጎ ያገኛታል። እምነት ሒሳብን እንደማያስቀር ከዚህ ተማርን። ጸሎት አለን እያልን የማኅበራችንን መዋጮ ያለ ደረሰኝ የምንሰበስብ እኛ ይህን ስናነብ አፈርን።

የደቡብ ነፋስ

በ1845 በዊልሰን ጎዳና የሚኖሩ ጎረቤቶች የልጆቹ ጫጫታ አስቸገረን ብለው በትሕትና የተጻፈ አቤቱታ ላኩ። ሙለር ነገሩ እውነት መሆኑን አመነ። ስለዚህም ከከተማው ወጣ ብሎ አሽሊ ዳውን በሚባል ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሬት ገዝቶ መሥራት ጀመረ። በ1849 የመጀመሪያው ሕንፃ ተከፍቶ 300 ልጆች ገቡበት። እየቆየም አምስት ትላልቅ ሕንፃዎች ቆሙ፤ በ1870 አምስተኛው ሲከፈት በአንድ ጊዜ 2,050 ልጆችን ለመያዝ የሚችል ቦታ ሆነ። ጎረቤት ያቀረበው ቅሬታ ለዚህ ሁሉ በር ከፈተ።

በ1857 ኅዳር መጨረሻ የመጀመሪያውን ሕንፃ የሚያሞቀው ትልቅ የውሃ ማፍያ ጋን ማፍሰስ ጀመረ። ጋኑ ዙሪያውን በጡብ የተገነባ በመሆኑ ግንቡ ሳይፈርስ የሚያፈሰውን ቦታ ማየት አይቻልም፤ ለማፍረስም እሳቱ መጥፋት አለበት። 300 ልጆች፣ ከእነዚያም ብዙዎቹ ሕፃናት፣ በብርድ ሊያድሩ ነው። ቀን ከተቆረጠ በኋላ ብርቱ የሰሜን ነፋስ ነፈሰ። ሙለር ስለ ሁለት ነገር ጸለየ። ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲለወጥና ሠራተኞቹ በትጋት እንዲሠሩ። እስከ ማክሰኞ ማታ ድረስ ነፋሱ አልተለወጠም። ረቡዕ ግን የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ አየሩም እሳት እስከማያስፈልግ ድረስ ለዘበ። ማታ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ መጥቶ ሥራውን ለማፋጠን ሲነጋገር፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሌሊቱን ሙሉ ለመሥራት ወደዱ። በሠላሳ ሰዓት ያህል ውስጥ ጡቡ ተመልሶ ተገነባ፤ እሳቱም ነደደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከነፋሱ ይልቅ እኛን ያስገረመን የሠራተኞቹ ነገር ነው። ሙለር የነፋሱን መለወጥ ብቻ የእግዚአብሔር ሥራ አላደረገውም። ግንበኛው ሌሊቱን ሳይተኛ ማደሩንም ከእግዚአብሔር እጅ ተቀበለው።

መልስ ያልመሰለ መልስ

እዚህ ላይ የወንድማችንን ጥያቄ እናንሣ። ሙለር የለመነው ሁሉ ተሰጥቶት ነበርን? አልነበረም።

ሙለርና ሜሪ የመጀመሪያ ልጃቸው ሞታ ተወለደች። በ1832 ሊዲያ ተወለደች፤ በ1834 ኤልያስ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ኤልያስ በሰኔ 1835 በዐሥራ አምስት ወሩ በሳንባ ሕመም ሞተ። በዚያው ሳምንት የሜሪ አባትም ሞተ። ሁለት ሞት በአንድ ቤት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገባ። ጊዜውን አስተውሉ፤ ሙለር ስለ ሙት ልጆች ቤት የጸለየው ከዚህ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መፈለግ የጀመሩት ገና ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆች ነበሩ። ለምን እንደ ሆነ እኛ ልንተረጉም አንደፍርም። ሐዘናቸው ግን ከእግዚአብሔር አልለያቸውም፤ ከሰውም አላራቃቸውም።

በ1853 ሊዲያ በታይፈስ ታማ ለሞት ቀረበች። ተጸለየላት፤ ዳነችም። ታዲያ የኤልያስ ጊዜ እግዚአብሔር አልሰማም፣ የሊዲያ ጊዜ ሰማ እንበል? ሙለር እንዲህ አላለም። በ1870 የካቲት ሜሪ ራሷ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ ሞተች። የቀብሯን ስብከት የሰበከው ባሏ ነበር። ስብከቱን በሦስት ከፈለው፤ እግዚአብሔር እርሷን ሲሰጠው ቸር እንደ ነበረ፣ ይህን ያህል ዘመን ሲተዋትለት ቸር እንደ ነበረ፣ ሲወስዳትም ቸር እንደ ሆነ ተናገረ። ይህን ሦስተኛውን ክፍል በባዶ ቤት ለሚኖር ሰው መናገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ወንድማችን ከሁላችንም ይበልጥ ተረዳው። ሙለር ይህን የተናገረው ሐዘን ስላልተሰማው አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የተመዘገበውን ደግነት የአንድ ቀን ሐዘን ከመዝገቡ ሊፍቀው ስላልቻለ ነው። መዝገብ የያዘ ሰው በጨለማ ቀን የሚያነበው ነገር አለው።

የመጨረሻው ሌሊት

ሙለር ከ1875 ጀምሮ እስከ 1892 ድረስ በ42 አገሮች እየዞረ ሰበከ። ጉዞውን ሲጀምር ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር። በሕይወቱ ዘመን 10,024 ሙት ልጆች በቤቶቹ አደጉ፤ ሲያድጉም ሴቶቹ በቤት አገልግሎት፣ ወንዶቹ በእጅ ሙያ ሥራ እየያዙ ወጡ። በእጁ ያለፈው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ሲሞት የቀረው የራሱ ንብረት ግን የቤት ዕቃውን ጨምሮ 160 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር።

መጋቢት 9 ቀን 1898 ምሽት በሦስተኛው ሕንፃ የጸሎት ስብሰባ መርቶ ወደ መኝታው ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ሻይ ሲያመጡለት በአልጋው አጠገብ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነበር። በቀብሩ ቀን የብሪስቶል ሕዝብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመ። እነዚያ አምስት ሕንፃዎች የሙት ልጆች ቤት መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል፤ ሕንፃዎቹ ግን ዛሬም በቦታቸው አሉ።

እኛስ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሁላችንም ሙለር እንሁን አንልም። ደመወዛችንን እንተው፣ ሥራ ፈትተን እንጸልይ የሚል ትምህርትም ከዚህ ታሪክ አይወጣም። ሙለር ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ሒሳቡን በየቀኑ የሚዘጋ ሰው ነበር። ከእርሱ ልንወስደው የምንችለው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ እርሱም ማስተዋልና መጻፍ ነው።

ስለዚህ ክፍላችን አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ ጀምሯል። በግራ ገጽ የለመንነውን፣ በቀኝ ገጽ የሆነውን ከነቀኑ እንጽፋለን። ያልሆነውንም አልሆነም ብለን በእውነት እንጽፋለን፤ ውሸት የተጻፈበት መዝገብ ለችግር ቀን አይጠቅምምና። እስካሁን የተጻፈው ትንንሽ ነገር ነው። ለሦስት ቀን የጠፋው ውሃ ልብስ በሚታጠብበት ቀን መጣ። የአንዲት እኅታችን እናት ሐኪም ቤት ያለ ወረፋ ገቡ፤ ተራዋን የለቀቀችላቸው የማያውቋት ሴት ናት። አንዱ ወንድማችን ሥራ ለምኖ እስካሁን አላገኘም፤ ቀኝ ገጹ ባዶ ነው፤ እኛም ባዶውን ትተንለታል።

አባቱ የሞተበት ወንድማችን ለሁለት ሳምንት ምንም አልጻፈም። በሦስተኛው እሑድ ደብተሩን ተቀብሎ ወደ ኋላ መለስ አለና የለቅሶውን ቀኖች ጻፈ። ድንኳን የተከለውን የዕድር ሰው፣ ለሰባት ቀን እንጀራና ወጥ ያመላለሱትን ጎረቤቶች፣ ሌሊት አብሮት ያደረውን የሰፈር ልጅ እያንዳንዳቸውን ከነስማቸው ጻፋቸው። ግራው ገጽ ባዶ ነበር፤ በዚያን ቀን ለመለመን እንኳ አቅም አልነበረውም። ቀኙ ገጽ ግን ሞላ። ጥያቄው ተመልሷል አላለም፤ እኛም አላልንም። ደብተሩን ዘግቶ ሲመልስልን ግን ለሚመጣው ሳምንት መጻፊያ መስመር እንድናስቀርለት ጠየቀን።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን ቀናችንን መለስ ብለን እንመልከት። አምስት ሹካ ብትሆንም እንጻፋት። ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን። አሜን።